ውሻ ሲገዙ እንዳይታለሉ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢዎች፣ ከስልክ ጥሪ እስከ ውል

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ውሻ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ግቢውን ነው። ማታ የሚጮኽ፣ ጆሮው የቆመ፣ ደረቱ የሰፋ «የፈረንጅ ውሻ» ይፈልጋል። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ክልሱ «ፒዩር ጀርመን» (ያልተቀላቀለ የጀርመን ሸፐርድ ዘር) ይባላል፣ የአምስት ሳምንቱ ቡችላ «ሁለት ወር ሞላው» ይባላል፣ ላልተከተበው ካርድ ይጻፍለታል። አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ጭራሽ ውሻ የለውም፤ ያለው ፎቶ ብቻ ነው።

ማታለያው በየጊዜው መልኩን ቢቀይርም አሠራሩ አንድ ነው፦ ገዢው ሳያይ እንዲከፍል ማድረግ። መከላከያውም ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማየት፣ ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ፣ ከዚያ መዋዋል፣ በመጨረሻ መክፈል። ሻጩ ከእነዚህ አንዷን ለማዘለል ከቸኮለ የሚደብቀው ነገር ያለው እዚያችው ላይ ነው።

ከመደወልዎ በፊት

ሻጮች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ውሻው የወለደችለት የቤት ባለቤት ነው፤ እናቲቱ ግቢው ውስጥ ናት፣ ጎረቤት ያውቃታል። ሁለተኛው ከዚህም ከዚያም ቡችላ ሰብስቦ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ከተለያየ ቤት የመጡ ቡችሎች አንድ ጓዳ ስለሚያድሩ በሽታ ይለዋወጣሉ። ሦስተኛው ደላላ ነው፤ የራሱ ውሻ የለውም፣ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ይቀበላል፣ ቡችላው ከሞተ «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» ይላል። ከደላላ መግዛት ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ውሉ ላይ የሚፈርመው ባለቤቱ ራሱ መሆን አለበት።

ማስታወቂያ ከማሰስዎ በፊት አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሄደው «በቅርቡ የከተባችኋቸው፣ እናታቸውን የምታውቋቸው ቡችሎች አሉ?» ብለው ይጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ ይህ ነው። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ ባለሙያ ማማከር ለሚፈልግ ሰው ሩቅ አይደለም። ኮምቦልቻ ደግሞ የክልል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ላቦራቶሪ ማለት ግን ናሙና የሚመረመርበት ቦታ ነው። ሻጭ «ኮምቦልቻ ላብ ታይቷል፣ ንጹሕ ነው» ካለዎት ምን ናሙና ተወስዶ ለየትኛው በሽታ እንደተመረመረ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ውጤት ይጠይቁት። ያለ ወረቀት «ላብ ታይቷል» ማለት ወሬ ነው።

ፎቶው የማን ነው?

የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ማስታወቂያ ሲያዩ እነዚህን በተራ ያድርጉ።

1. ፎቶውን ስልክዎ ላይ አስቀምጠው በጎግል ሌንስ (በፎቶ መፈለጊያ) ይፈልጉት። ያው ቡችላ በሌላ አገር ገጽ ላይ ወይም ከዓመታት በፊት ከወጣ ጉዳዩ እዚያ ላይ አበቃ።

2. ከቡችላው ጀርባ ያለውን ይመልከቱ። የተላገ የእንጨት ወለል፣ በረዶ፣ የውጭ አገር ጽሑፍ ያለበት ካርቶን፣ እዚህ የማይሸጥ የሶኬት ዓይነት ካዩ ፎቶው ከሌላ ቦታ የተወሰደ ነው።

3. ቻናሉን ይመርምሩ። አባላቱ በአሥር ሺህ እየተቆጠሩ እያንዳንዱን ልጥፍ ያየው ሁለትና ሦስት መቶ ሰው ብቻ ከሆነ አባላቱ የተገዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አስተያየት መስጫው የተዘጋ ቻናልም የተታለለ ሰው እንዳይናገር የተዘጋ ሊሆን ይችላል።

4. የቪዲዮ ጥሪ ይጠይቁ። ካልሆነ ሻጩ ወረቀት ላይ የእርስዎን ስምና የዕለቱን ቀን ጽፎ፣ ከቡችላው አጠገብ ይዞ፣ የቡችላውን ሆድና ጥርስ እያሳየ አጭር ቪዲዮ ቀርፆ ይላክ። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቡችላ ያለው ሰው አይከብደውም።

«ካሜራዬ ተሰብሯል»፣ «ኔትወርክ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ኔትወርክ በእርግጥም ሊጠፋ ይችላል፤ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። እስከዚያ ግን አንድ ብር አይላክም።

«ቀብድ ይላኩና ላስቀምጥልዎት»

ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። አካሄዱን ያስተውሉት። ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ ነው። ሻጩ ትሑት ነው፣ «ወንድሜ» እያለ ያወራዎታል፣ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ወይም ግቢ ስለሌለው ነው የሚሸጠው። ቡችላው ያለው አዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሄደው እንደማያዩ ያውቃል። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ትንሽ ቀብድ ይላኩና ነገ በአውቶቡስ እልካለሁ» ይላል። ቀብዱን ከላኩ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ሹፌሩ ሣጥን ካልተገዛ አልጭንም አለ። ሦስተኛው ይከተላል፦ ኬላ ላይ የጤና ማረጋገጫ ተጠየቀ፣ ክፍያው ቡችላው ሲደርስ ይመለስልዎታል። ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚከፍለው የመጀመሪያው እንዳይቀልጥበት ብሎ ነው፤ አታላዩም የሚተማመነው በዚህ ነው። አስቀድሞ ያልተነገረ ክፍያ ሲጠየቁ ያቁሙ፤ የላኩት ሄዷል፣ የሚቀጥለውን ግን ማዳን ይችላሉ።

ሩቅ ያለ ቡችላ በእርግጥ ከፈለጉ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይየው፣ ሐኪም ዘንድ ይውሰደው፣ ሰውየውን መታወቂያ ይጠይቀው፣ እዚያው ይክፈል፣ ራሱ ይጫን። ይህን የሚያደርግልዎት ሰው ከሌለ እዚሁ አካባቢ ይፈልጉ።

ስለ ቀብድ ሕጉ የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በስተቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ለመስጠት ከተስማሙ «ቀብድ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ይስፈር፣ የሻጩ ሙሉ ስምና ፊርማ ይኑርበት። «ለማስያዣ» ወይም «ለትራንስፖርት» ተብሎ በቃል የተሰጠ ገንዘብ በኋላ ብዙ ያከራክራል።

በቴሌብር ሲከፍሉ ከማጽደቅዎ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም ከመታወቂያው ጋር ያስተያዩ። ስሙ የሌላ ሰው ከሆነና «የእህቴ ስልክ ነው» ከተባሉ ለባለቤቱ በራሱ ስም ብቻ እንደሚከፍሉ ይንገሩ።

ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት

መናኸሪያ በር ላይ፣ ፒያሳ መንገድ ዳር፣ ወይም መኪና ውስጥ እንገናኝ የሚል ሻጭ ቤቱን እንዳያዩ የፈለገበት ምክንያት አለው። ቡችላው ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ግቢው ውስጥ ነው። በቀን ብርሃን፣ ከአንድ ሰው ጋር ሆነው ይሂዱ፤ የቡችላውን ዋጋ የሚያህል ጥሬ ገንዘብ ይዘው አይሂዱ።

እናቲቱን ሳያዩ አይግዙ። «ገጠር ተወስዳለች»፣ «ሰው ስለምትነክስ ታስራለች» የሚሉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ታስራም ቢሆን ከሩቅ ትታያለች። አንዳንዱ ደግሞ ያማረች ሌላ ውሻ አምጥቶ እናት ናት ይላል። ይህን ለመለየት ጡቷን ይመልከቱ። እስከ ሁለት ወር ድረስ ያጠባች ውሻ ጡቶቿ የተንጠለጠሉ፣ ጫፎቹ የረዘሙ፣ ዙሪያው ጠጉሩ የሳሳ ነው። ቡችሎቹ ሲለቀቁ ወደ እሷ ይሮጣሉ፣ ሊጠቡ ይታገላሉ። ጡቷ የተጣበቀ ከሆነና ቡችሎቹን ስታይ የምትሸሽ ወይም የምታጉረመርም ከሆነ የእሷ አይደሉም። ወተት እያቆመች ያለች እናትም አንዳንዴ ልጆቿን ትቆጣለች፤ ስለዚህ ቁጣዋን ብቻ ሳይሆን ጡቷን ይመኑ።

ስንት እንደተወለዱ፣ መቼ እንደተወለዱ፣ ስንት እንደተሸጡ ይጠይቁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለቤቱ ልጅ ወይም ለሌላ ቤተሰብ ደግመው ይጠይቁ። የወለደችበትን ቀን የሚያውቅ ቤት መልሱ አይለያይም።

ዕድሜውን ጥርሱ ይናገራል

ዕድሜ ላይ የሚዋሸው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ ትንሹን ማሳደግ ነው። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት 8 ሳምንት ሲሞላው ነው፤ ሻጩ ግን ወተትና መኖ ላለማውጣት በአምስት ሳምንቱ «ሁለት ወሩ ነው» ብሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ቡችላ ሙቀቱን በደንብ መጠበቅ አይችልም። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ ተነሥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ሲደርስና ሌሊቱን በረንዳ ላይ ሲያድር ብርዱ ብቻውን ይጥለዋል።

ሌላው ትልቁን ማሳነስ ነው፤ ይኼኛው ብዙ ሰው አይነቃበትም። የአራት ወር ክልስ ቡችላ «ገና ሁለት ወሩ ነው» ሲባል ግዙፍ ዘር ይመስላል። ገዢው «በሁለት ወሩ እንዲህ ከሆነ ሲያድግ ምን ሊሆን ነው» ብሎ በጀርመን ሸፐርድ ዋጋ ይገዛል፣ ውሻው ግን የተጠበቀውን ያህል አያድግም።

አፉን ቀስ ብለው ይክፈቱ። የወተት ጥርስ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ይወጣል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ 28ቱም ይሟላሉ። ቀጭን፣ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። የኋላዎቹ ገና ካልወጡ ወይም ድዱን ቀድደው እየወጡ ከሆነ ቡችላው ሁለት ወር አልሞላውም። የፊት ትናንሾቹ ጥርሶች መውደቅ የሚጀምሩት ከሦስት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ነው፤ በቦታቸው የሚተኩት ሰፋ ያሉ፣ ጫፋቸው በሦስት የተከፈለ ነው። ክራንቻው የሚቀየረው በአምስትና በስድስት ወር አካባቢ ነው። በሰባት ወር 42ቱም ቋሚ ጥርሶች ይሟላሉ። ስለዚህ «ሁለት ወሩ ነው» የተባለ ቡችላ ፊት ለፊት ሰፋፊ ጥርስ ካለው ወይም ጥርሱ ወልቆ ክፍተት ካለ ከሦስት ወር በላይ ነው።

ጥርስ ማየት ካልሆነልዎ እንጀራ በመረቅ ወይም ሩዝ አቅርበው ይዩት። የሁለት ወር ቡችላ ብቻውን ይበላል፣ ሲሮጥ ኋላው አይወላገድም።

የአሥር ደቂቃ ምርመራ

ሲደርሱ ቡችላው ተኝቶ ከሆነ ይንቃ፤ ከበላ በኋላ ብቻ ሳይሆን ሳይበላም ይዩት። ከዚያ ከአፍ እስከ ጅራት ይሂዱ።

ድዱን በጣት ጫን አድርገው ይልቀቁ። ነጭ ይሆንና በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ከመነሻው ነጭ የሆነ ድድ ትል ወይም ቁንጫ ደሙን እንደጨረሰው ያሳያል። ከትከሻው ላይ ቆዳውን ከፍ አድርገው ሲለቁት ወዲያው ካልተመለሰ ሰውነቱ ውኃ አጥቷል። ዐይኑ ላይ የደረቀ ዐይናር፣ አፍንጫው ላይ ወፍራም ንፍጥ፣ ሳል አብረው ካሉ ዲስቴምፐር የሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ «ብርድ መትቶት ነው» ቢሉዎትም አይውሰዱት።

ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ከሆነ ትል ነው። ሻጩ «በደንብ ስለምናበላው ነው» ይላል። ትል ይታከማል፣ ስለዚህ ግዢውን ላያስቀር ይችላል፤ የትል መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ግን ዋጋው ላይ ይታሰብ። እምብርቱ ላይ ሲነኩት ወደ ውስጥ የሚገባ እብጠት ካለ ሄርኒያ (የሆድ ዕቃ በቀዳዳ ወደ ውጭ መግፋት) ነው፣ ትልቅ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች ወርደው እንደሆነ በጣት ይዳብሱ። ጅራቱን አንሥተው ፊንጢጣውን ይዩ፤ ተለጣፊ ተቅማጥ ወይም የተቃጠለ ቆዳ ካለ፣ በተለይ ደም ከቀላቀለ፣ ከግቢው ይውጡ። ፓርቮ፣ ማለትም አንጀት የሚያጠቃ ተላላፊ የቫይረስ በሽታ፣ ሊሆን ይችላል።

ፓርቮን ነጥሎ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቡችላ ነጋዴ የሚሸሽገው ዋናው በሽታ ነውና። ከተያዘ በኋላ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ድረስ ቆይቶ ነው። ሻጩ አንዱ ቡችላ እንደሞተበት ካየ የቀሩትን ገና ደህና ሲመስሉ ቶሎ ቶሎ ይሸጣል። ገዢ ቤት በገቡ በአራተኛው ቀን ማስታወክና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምራል። ስለዚህ «ከእነዚህ ውስጥ የሞተ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱም ውሉ ውስጥ ይግባ።

ከኋላው ሆነው ያጨብጭቡ፤ ካልዞረ መስማት ይቸግረዋል። ለብቻው መሬት ላይ ለቀው ሲሄድ ይዩት። ሻጩ ከእቅፉ የማያወርደው ቡችላ እግሩን የሚያነክስ ሊሆን ይችላል።

የክትባት ካርዱ

ካርድ ማሳተም ቀላል ነው፤ ማኅተምም እንደዚያው። ውስጡን ያንብቡ።

የፓርቮና የዲስቴምፐር ጥምር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመራል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለ ልዩነት ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው በአብዛኛው 12 ሳምንት ሲሞላው ነው። ስለዚህ የሁለት ወር ቡችላ «ሁሉንም ጨርሷል» የሚል ካርድ ይዞ ከመጣ ወይ ዕድሜው ወይ ካርዱ ውሸት ነው።

ትክክለኛ ካርድ ላይ ከክትባቱ ብልቃጥ የተላጠ ተለጣፊ አለ፤ የክትባቱ ስም፣ የባች (የምርት ዙር) ቁጥርና የማብቂያ ቀን ተጽፎበታል። ተለጣፊ የሌለው፣ ሁሉም መስመር በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቀን የተጻፈ የሚመስል ካርድ አይታመንም።

የእኛ አቆጣጠር የሚፈጥረውን ክፍተትም ልብ ይበሉ። የብልቃጡ ማብቂያ በፈረንጆች፣ የሐኪሙ ቀን ደግሞ በእኛ ይጻፋል። ተለጣፊው 05/2024 ይላል፣ ካርዱ «ጥቅምት 2017 ተከተበ» ይላል እንበል። ቁጥሮቹን ብቻ ላየ ሰው ችግር የለም፤ ጥቅምት 2017 ግን በፈረንጆች ከኦክቶበር 2024 እስከ ኖቬምበር 2024 ድረስ ነው፣ ማለትም ክትባቱ የተሰጠው ጊዜው ካለፈ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ቀኑን ወደ አንድ አቆጣጠር ሳይለውጡ አያወዳድሩ።

«እኔው ራሴ ወጋሁት» ከተባለስ? ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ኪስ ውስጥ የዞረ ወይም መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ የሞቀ ብልቃጥ መርፌ ሆኖ ቢገባም አይከላከልም። ያለ ሐኪም የተወጋ ቡችላን እንዳልተከተበ ይቁጠሩትና ከመጀመሪያው ያስጀምሩ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ክሊኒክም ይደውሉለት፤ ስልኩን ግን ከካርዱ ሳይሆን ራስዎ ፈልገው ያግኙ።

«ፒዩር ነው»

ቡችላን በዐይን አይቶ ዘሩን መወሰን አይቻልም። የጀርመን ሸፐርድ ጆሮ በሁለት ወሩ ብዙ ጊዜ የወደቀ ነው፣ የሚቆመው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የጆሮ መቆምም ሆነ መውደቅ ማስረጃ አይሆንም። አንዳንዱ በማጣበቂያ ያቆመዋል፤ የጆሮውን ውስጥ በጣት ዳብሰው የደረቀ ሙጫ ወይም የተነቀለ ጠጉር መኖሩን ይዩ። ጀርባው ላይ ጥቁር እንዲሆን የጠጉር ቀለም የሚቀባም አለ። ነጭ ጨርቅ በለብ ያለ ውኃና በሳሙና አርጥበው ይሹት፤ ጨርቁ ከጠቆረ ወይም ጠጉሩ ሲገለጥ ሥሩ ከላዩ ጋር የተለየ ቀለም ካለው ተቀብቷል።

ማስረጃ የሚሆነው የእናትና የአባት መታየት ነው። አባቱ ሌላ ሰው ቤት ከሆነ አድራሻውን ይጠይቁ፣ ሄደው ይዩት። «ከውጭ የመጣ፣ ወረቀት ያለው» ከተባለ ወረቀቱ ላይ ባለ 15 አኃዝ የማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ መለያ) ቁጥር ሊኖር ይገባል፤ ያ ቁጥር በመሣሪያ ሲነበብ ከውሻው አንገት ሥር ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ቺፑ ካልተነበበ ወረቀቱ የዚያ ውሻ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። በክልስ ዋጋ የተገዛ ጤነኛ ክልስ ግን ጥሩ የግቢ ውሻ ይሆናል፣ ሊያሳፍር አይገባም።

ያደገና «የሠለጠነ» ውሻ

ሦስት አደጋ አለ። የመጀመሪያው የተሰረቀ መሆኑ ነው። ከደሴ የተሰረቀ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ደሴ ውስጥ አይሸጥም፤ ባለቤቱ እንዳያገኘው ወደ ሌላ ከተማ ይወሰዳል። አንገቱ ላይ የማሰሪያ ምልክት እያለ ማሰሪያ የሌለው፣ ሻጩ በሚጠራው ስም የማይዞር፣ ሻጩን የሚፈራ ውሻ ያጠራጥራል። ሻጩ ዞር ባለበት ስሙን ከኋላ ይጥሩት። ከዚያ ከውሻው ጋር ቀደም ሲል የተነሣውን ፎቶ እንዲያሳይዎት ሻጩን ይጠይቁ፤ ውሻ ያሳደገ ሰው ስልኩ ውስጥ ፎቶው አለ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በወንጀል ይጠየቃል።

ሁለተኛው ማደንዘዣ የተሰጠው ተናካሽ ነው። ሲራመድ ይወላገዳል፣ ዐይኑ ውስጠኛ ጥግ ላይ ያለው ሦስተኛው ሽፋን ወጥቶ ይታያል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ስለዚህ ያደገን ውሻ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ አንዱን ሳይነግሩ ሄደው፣ ይዩት። ሻጩ «አትምጡ፣ እኔ አመጣዋለሁ» ካለ ይተዉት።

ሦስተኛው ሥልጠናው ነው። ሻጩ ራሱ ሲያዝ ውሻው ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ ያጠቃል፤ እርስዎ ቤት ግን ምንም አይሰማም። ሻጩ ከዐይን እስኪጠፋ ይራቅና እርስዎ ይዘዙት። ምግብ በእጅዎ ሳይዙ ይሁን። «ያጠቃል» ከተባለ ደግሞ «ተው» ሲባል መልቀቁን ይዩ፤ አጥቅቶ የማይለቅ ውሻ ልጆችና እንግዳ በሚገቡበት ግቢ ውስጥ አደጋ ነው።

ድመት፣ ወፍና የዱር እንስሳ

ድመት ላይ የሚዋሸው በአብዛኛው ጾታና ዕድሜ ነው፤ ሐኪም በደቂቃ ያረጋግጥልዎታል።

በቀቀን፣ ጦጣ፣ ጭላዳ፣ የአቦ ሸማኔ ግልገል «ለማሳደግ» የሚያቀርብልዎት ሰው ግን ከነጭራሹ ሊያስጠጉት አይገባም። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድን ይከለክላል፤ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ እንስሳው የተገኘው ግን እርስዎ ቤት ነው። ደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ያለበት አገር ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እዚያ አሉ። «የቀይ ቀበሮ ቡችላ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ ተራ ቡችላ ነው የሚያቀርብልዎት፣ ወይም የዓለም ዐይን ካረፈበት፣ ቁጥሩ እጅግ ካነሰ እንስሳ ጎጆ የሰረቀውን። ሁለቱንም አይግዙ፤ ለፖሊስ ያሳውቁ።

ውሉ

የአንድ ገጽ ውል ይበቃል። የሚጻፈው ይህ ነው፦ የሁለቱ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክና ቀበሌ፤ የውሻው ቀለም፣ ጾታ፣ የተወለደበት ቀንና ልዩ ምልክት፤ ሻጩ ስለ ዘሩ ያለው ቃል በራሱ አባባል፤ የተሰጡ ክትባቶች ከነባች ቁጥራቸው፤ ዋጋውና የአከፋፈሉ ሁኔታ። ቀጥሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ «ገዢው በ3 ቀን ውስጥ በእንስሳት ሐኪም አስመርምሮ ችግር ከተገኘ ሻጩ ገንዘቡን ይመልሳል» እና «ቡችላው በ14 ቀን ውስጥ ፓርቮ ወይም ዲስቴምፐር መያዙ በሐኪም ከተረጋገጠ ሻጩ ገንዘቡን ይመልሳል»። 14 ቀን የተባለው የፓርቮ ምልክት ሳይታይ ከዚያ በላይ ስለማይቆይ ነው። ሁለት ምስክር ይፈርም። ሻጩ በሌላው ሁሉ ተስማምቶ በ14 ቀኑ ላይ ብቻ ከተጨቃጨቀ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ቤት ከገባ በኋላ

ለ14 ቀን ከሌላ ውሻ ይለዩት፣ ሌሎች ውሾች የሚዞሩበት መንገድ ላይ አይውሰዱት። ቀደም ሲል ግቢው ውስጥ በፓርቮ የሞተ ውሻ ካለ ያልተከተበ ቡችላ አያስገቡ፤ ቫይረሱ መሬት ላይ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሲሚንቶ ወለልና ዕቃን 1 እጅ በረኪና ከ30 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው ይጠቡ፣ ከመታጠቡ በፊት ግን ቆሻሻው በሳሙና ይነሣ፤ በቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አይሠራም።

ቡችላው ከነከሰ ወይም ቁስል ላይ ከላሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቡችላ ስለሆነ ወይም ካርድ ስላለው ብለው አይተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ውሻውን አይግደሉት፤ ለ10 ቀን በሐኪም ክትትል ታስሮ ይታይ።

እርስዎ ሻጭ ከሆኑ

«ገንዘቡን ልኬልዎታለሁ፣ ስክሪንሾቱን ይዩ» የሚል ገዢ አለ። ስክሪንሾት ይፈበረካል፤ የክፍያ መልእክትም ከተራ ስልክ ተጽፎ ሊላክ ይችላል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ያም ሆኖ ሂሳብዎን ከፍተው ቀሪውን ሳያዩ ቡችላውን አያስረክቡ። «በስሕተት አብልጬ ላኩ፣ ልዩነቱን ይመልሱልኝ» ካለ እርስዎም መልሱን ቀሪው በእርግጥ ከጨመረ በኋላ ብቻ ይስጡ። የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ፤ ገንዘብ ለመቀበል አያስፈልግም።

ከተታለሉ

ንግግሩን አያጥፉ፣ ሻጩንም አይስደቡ፤ ከሰደቡት ንግግሩን ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላል። በመጀመሪያ ሁሉንም ገጽ በስክሪንሾት ያስቀምጡ፦ የቻናሉን ስም፣ የተጠቃሚውን ስም፣ ስልኩን፣ የግብይት ቁጥሩንና ሰዓቱን። ወዲያው ለባንክዎ ወይም ለቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት ያሳውቁ፤ ገንዘቡ ካልወጣ የመያዝ ዕድል የሚኖረው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከዚያ ማስረጃውን አትመው በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ ያመልክቱ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ማታለልን ያስቀጣል። ቡችላው ታሞ የተሸጠ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ያየበትን ቀንና ያገኘውን በጽሑፍ ይስጥዎት፣ በዚያው ዕለት ለሻጩ በጽሑፍ መልእክት ያሳውቁ፤ ሕጉ ገዢው ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፣ ሳምንት ቆይቶ የመጣ ቅሬታም ለሻጩ «እናንተ ቤት ነው የታመመው» ለማለት ቀዳዳ ይከፍትለታል።